ድሉ የማን ነው? የሮም ቄሣሮችና እንስቷ አምላክ ቪክቶሪያ

ገዥ «ድሉን የሰጠኝ አምላክ ነው» ሲል በአንድ ቃል ሁለት የማይገጥሙ ነገሮችን ሊናገር ይችላል። በአንደኛው ትርጉም ድሉ የራሱ እንዳልሆነና እርሱም ከሰጪው በታች እንደሆነ ይመሰክራል፤ በሁለተኛው ግን ሰማይ ከእርሱ ጋር ስለ ወገነ ከእንግዲህ እርሱን የሚቃወም ሁሉ አምላክን እንደሚቃወም ያስጠነቅቃል። ሁለቱ ትርጉሞች በቃል አንድ ሆነው በግብር እጅግ ስለሚራራቁ፣ የሃይማኖትንና የሥልጣንን ዝምድና የሚመረምር ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ያ አምላክ ለገዥው «አይሆንም» የሚልበት መንገድ አለው ወይስ የለውም የሚለውን ነው። የሮማውያን የድል አምላክ የነበረችው የቪክቶሪያ ታሪክ ከስድስት መቶ ዓመታት በላይ የተዘረጋ በመሆኑ ለዚህ ጥያቄ ሰፊ ማስረጃ ይሰጣል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቪክቶሪያ በላቲን ቋንቋ «ድል» ማለት ነው። ሮማውያን እንደ ታማኝነት፣ ስምምነትና ዕድል ያሉትን ረቂቅ ነገሮች በሴት አምሳል እየቀረጹ ቤተ መቅደስ ይሠሩላቸው የነበረ ሲሆን፣ ቪክቶሪያም ከእነዚህ አንዷ ነበረች። መልኳ ግሪኮች ኒኬ ከሚሏት አምላክ የተወሰደ ነው፤ ክንፍ አላት፣ በአንድ እጇ ሎረል ከተባለው ዛፍ ቅጠል የተጎነጎነ አክሊል፣ በሌላው የዘንባባ ዝንጣፊ ትይዛለች። የአማልክት አለቃ ጁፒተር ይቆጣል፣ ሚስቱ ጁኖ ትቀናለች፣ ስለ ሁለቱም የሚተረከው ብዙ ነው፤ ቪክቶሪያ ግን የምትወደው፣ የምትጠላው፣ የምታዝዘው ወይም የምትከለክለው ነገር ተለይቶ የሚተረክላት አልነበረችም። ትመጣለች፣ አክሊሉን ታኖራለች፣ በዚያው ሥራዋ ያበቃል። በኋላ የደረሰው ሁሉ ከዚህ ዝምታዋ የመነጨ ስለሆነ ነገሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያው ዘመን ቪክቶሪያ የከተማይቱ እንጂ የማንም ግለሰብ አልነበረችም። በሮም በፓላቲን ኮረብታ ላይ የተሠራላት ቤተ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ294 ሲመረቅ፣ ያስመረቀው ቆንስሉ ሉክዮስ ፖስቱምዮስ ሜጌሉስ ነበር፤ ቆንስል የሚባሉት በየዓመቱ እየተመረጡ መንግሥቱን የሚመሩ ሁለት ሹማምንት ናቸው። ሕንፃውም የተሠራው ይህ ሰው ቀደም ሲል የከተማ ጉዳይ ሹም ሳለ በሰበሰበው የመቀጫ ገንዘብ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ216 ደግሞ የካርታጎው አኒባል ኢጣልያን በሚያስጨንቅበት ወቅት፣ የሮም ወዳጅ የነበረው የሲራኩስ ንጉሥ ሂየሮ 220 የሮማውያን ሊትራ፣ በዛሬ ሚዛን ወደ 72 ኪሎ ግራም የሚመዝን የወርቅ የቪክቶሪያ ምስል በስጦታ ላከ። ምስሉን የተቀበለው ሴኔት፣ ማለትም የሮም ታላላቅ ሰዎች ሸንጎ፣ በካፒቶል ኮረብታ ባለው የጁፒተር ቤተ መቅደስ አኖረው። በዚያው ክረምት ሮማውያን በካኔ ሜዳ በታሪካቸው ከደረሱባቸው ሽንፈቶች ሁሉ የከፋውን ተሸነፉ። ምስሉን ግን ከስፍራው ያነሣው የለም፤ ድል የሕዝብ ተስፋ እንጂ የአንድ ሰው ንብረት ስላልነበረች፣ አለመምጣቷ የማንንም ዙፋን አላናወጠም።

ነገሩ የተለወጠው ቪክቶሪያ ባለቤት ባገኘች ጊዜ ነው፤ ለውጡም በሰዋስው ይታያል። በአማርኛ «ድል» በሚለውና «የእገሌ ድል» በሚለው መካከል ያለችው «የ» አንዲት ፊደል ብትሆንም የምትሠራው ሥራ ትልቅ እንደሆነ ሁሉ፣ በላቲንም የአምላኳ ስም ከአንድ ሰው ስም ጋር በአገናዛቢ መንገድ ሲያያዝ አምልኮው ራሱ ተለወጠ። ሱላ የተባለው የጦር አዛዥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ82 በሮም በር በኮሊና ተዋግቶ የገዛ አገሩን ሰዎች ድል ካደረገ በኋላ ለቪክቶሪያ በየዓመቱ የሚከበር ጨዋታ ተደነገገ፤ በዓሉም በኋላ «የሱላ ቪክቶሪያ» ተባለ። ጁሊየስ ቄሣርም በተራው በሐምሌ ወር የሚውል «የቄሣር ቪክቶሪያ» በዓል ነበረው። ላቲን በዚያ ዘመን የአምላክን ስም ከተራ ቃል የሚለይበት ጽሕፈት ስላልነበረው፣ «የቄሣር ድል» የሚለውን ያነበበ ሰው ስለ አንድ ጦርነት ውጤት ወይስ ስለ አንዲት ሰማያዊ አካል እንደተነገረው ለይቶ ማወቅ አይችልም ነበር፤ ለገዥዎቹ የጠቀማቸውም ይኸው አለመለየቱ ነው።

ቄሣር ከዚህም አልፎ የፍቅር አምላክ የምትባለውን ቬኑስን ዘመዱ አደረጋት። ቤተሰቡ፣ ዩሊዮች የሚባሉት፣ ከትሮይ የመጣው የኤኔያስ ዘር ነን ይሉ ነበር፤ ኤኔያስ ደግሞ በትውፊቱ የቬኑስ ልጅ ነው። ተቀናቃኙ ፖምፔ «አሸናፊዋ ቬኑስ» ለምትባለው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ55 ባሠራው ታላቅ ቴአትር አናት ላይ ቤተ መቅደስ አቁሞላት ነበርና፣ ሁለቱ በ48 በፋርሳሎስ ሲገናኙ ሁለቱም የአንዲት አምላክ ደንበኞች ነበሩ። ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደሚተርከው ፖምፔ በጦርነቱ ዋዜማ የአሸናፊዋን ቬኑስ ቤተ መቅደስ በምርኮ ሲያስጌጥ በሕልሙ አየ፤ ቬኑስ የቄሣር ዘር እናት ናትና ምናልባት ጌጡ ለጠላቱ ክብር ይሆን እንደሆነ ፈራ። ይህ ፍርሃት የዘመኑን ሃይማኖት ከብዙ ጥናት በላይ ይገልጠዋል፤ ፖምፔ የፈራው በደሉን የምትመረምር አምላክን ሳይሆን ለዘመዷ የምታደላ አምላክን ነበር። ቄሣር በ46 በአዲሱ አደባባዩ «እናቲቱ ቬኑስ» የሚል ቤተ መቅደስ አስመረቀ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የሚያሳፍር ነገር ተሸፍኗል። በሮማውያን ልማድ አንድ አዛዥ በሠረገላ ሆኖ ሠራዊቱንና ምርኮውን እያስከተለ ወደ ከተማይቱ በክብር የሚገባበት ሥርዓት፣ ትርዩምፍ የሚባለው፣ የሚፈቀደው በባዕድ ጠላት ላይ ለተገኘ ድል ብቻ ነበር፤ የወንድምን ደም አፍስሶ በአክሊል መመለስ ነውር ነው። የሱላም፣ የቄሣርም፣ በኋላ የመጣው የአውግስጦስም ሥልጣን ግን የተመሠረተው በርስ በርስ ጦርነት ላይ ነው። ስለዚህ አምላኳ የተጠራችው ሕግና ልማድ ሊያከብሩት የማይችሉትን ድል እንድታከብር ነበር። ቄሣር ስለ ርስ በርስ ጦርነቱ በራሱ እጅ በጻፈው መጽሐፍ፣ በፋርሳሎስ ባሸነፈበት ቀን በግሪክ አገር በኤሊስ ሚኔርቫ በተባለችው አምላክ ቤተ መቅደስ ውስጥ የነበረው የቪክቶሪያ ምስል ፊቱን ወደ በሩ አዞረ የሚል ወሬ አስገብቷል። ምስሉ ስለ ሞቱት ሮማውያን ምንም አላለም፤ ፊቱን ብቻ አዞረ።

የቄሣር የእኅቱ ልጅ ልጅና በኑዛዜ ልጁ የተደረገው ኦክታቪያኖስ፣ ኋላ አውግስጦስ የተባለው፣ ይህን ጅምር ወደ ሥርዓት አደረሰው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ31 በአክትዩም ባሕር ላይ የተቀናቃኙን የማርቆስ አንቶንዮስንና የግብጿን ንግሥት የክሊዮፓትራን መርከቦች ድል ካደረገ በኋላ፣ ጦርነቱ ከግብጽ ንግሥት ጋር የተደረገ ሆኖ እንዲነገር አደረገ፤ በ29ም ኩሪያ ዩሊያ በተባለው አዲስ የሴኔት አዳራሽ ውስጥ ከታራንቶ ከተማ የመጣ የቪክቶሪያ ምስል ከመሠዊያ ጋር አቆመ። የቦታው ምርጫ በጥልቅ የታሰበ ነው። ቤተ መቅደስ ሰው በፈቃዱ የሚሄድበት ስፍራ ሲሆን፣ የሴኔት አዳራሽ ግን የመንግሥት ጉዳይ የሚመከርበት ነውና እያንዳንዱ የሸንጎ አባል ከመቀመጡ በፊት በመሠዊያው ላይ ዕጣን ያጥናል፣ የወይን ጠጅም ያፈስሳል። ምክር የሚሰጠው፣ የሚቃወመውና ድምፁን የሚያሰማው ሰው ሁሉ አፉን ከመክፈቱ አስቀድሞ ለገዥው ድል አምልኮ አቅርቧል ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሴኔቱ ጀግንነቱን፣ ምሕረቱን፣ ፍትሑንና ለአማልክት ያለውን አክብሮት የሚያወድስ የወርቅ ጋሻ በዚያው አዳራሽ ሰቀለለት፤ ቪክቶሪያ ያን ጋሻ ይዛ የምትበርርበት ሥዕልም በገንዘብ ላይ ታትሞ የላቲን ፊደል ማንበብ ወደማይችለው ገበሬ እጅ ገባ። አውግስጦስ በ14 ዓ.ም. ሲሞት የሸንጎው አባላት ካቀረቧቸው ሐሳቦች አንዱ ያ የአዳራሹ የቪክቶሪያ ምስል የቀብሩን ሰልፍ እንዲመራ የሚል ነበር።

ምስልና ገንዘብ ብቻውን ሥርዓት አይሆንም፤ ሥርዓቱ የቆመው በሕግ ነው። በሮማውያን ዘንድ ከጦርነት በፊት በአእዋፍ አበራርና በመሰል ምልክት የአማልክትን ፈቃድ የመጠየቅ ሥልጣን ያለው አዛዥ ብቻ ድሉን የራሱ ማድረግ ይችላል። አብዛኛው ሠራዊት በአውግስጦስ እጅ ስለ ነበርና የጦር አለቆቹም እንደ ወኪሎቹ ስለሚቆጠሩ፣ በራይን ወንዝም ሆነ በሶርያ በረሃ የተገኘ ድል በሕግ የእርሱ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ሉክዮስ ኮርኔልዮስ ባልቦስ ካደረገው ትርዩምፍ በኋላ ይህ ክብር ከገዥው ቤተሰብ ወጥቶ አያውቅም። በ9 ዓ.ም. ግን ሦስት ሌጌዎን፣ ማለትም ሦስት ታላላቅ የሠራዊት ክፍሎች፣ በጀርመን ምድር በቴውቶቡርግ ጫካ ተከበው አለቁ። ያ ጥፋት በታሪክ የሚጠራው በአዛዡ በቫሩስ ስም ነው። ድል ሲሆን የቄሣር፣ ሽንፈት ሲሆን የቫሩስ፤ አገናዛቢዋ ፊደል የምትወድቅበትን ስፍራ የሚወስነው ሥልጣን ነበር።

በዘመናችን ይህን ሁሉ «ፕሮፓጋንዳ» ብሎ በአንድ ቃል መዝጋት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ቃሉ ተናጋሪው የማያምንበትን ለሰሚ እንደሚያሳምን አድርጎ ስለሚያሳይ እውነቱን ያሳንሳል። ሮማውያን ምልክትን ከልባቸው ይፈሩ ነበር። በ60 ወይም በ61 ዓ.ም. በብሪታንያ በካሙሎዱኑም ከተማ የቪክቶሪያ ምስል ያለ ምክንያት ወድቆ ጀርባውን እንዳዞረ የታሪክ ጸሐፊው ታኪቶስ ጽፏል፤ ወዲያው የንግሥት ቡዲካ ሠራዊት መጥቶ ከተማይቱን አቃጠለ፤ የነዋሪዎቹ ድንጋጤም የማስመሰል አልነበረም። ገዥዎቹም ራሳቸው ዕድላቸውን የአማልክት ሞገስ አድርገው ሳያምኑ አልቀሩም። ጉድለቱ ያለው ከእምነት ማነስ ላይ አይደለም። አውግስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ12 ጀምሮ የሮም ሊቀ ካህናት ነበር፤ ተከታዮቹም እንዲሁ። መሥዋዕት አቅራቢው፣ የምልክት ተርጓሚዎቹ አለቃና ተመስጋኙ አንድ ሰው በሆነበት ቤት፣ ቪክቶሪያ ብትናገር እንኳ የምትናገርበት አፍ የገዥው ነው። ከልብ የታመነች አምላክ ብትሆንም ባሪያ ልትሆን እንደምትችል ከዚህ ይታያል፤ ይህም ከማስመሰል የከፋ ነው፤ ምክንያቱም አስመሳይ ልቡ አንድ ቀን ሊወቅሰው ሲችል፣ አምላኩ ሁልጊዜ የምታጸድቀው ገዥ ግን ወቃሽ የለውም።

መሠዊያው ሦስት መቶ ሰማንያ ዓመት ያህል ሳይነካ ከቆየ በኋላ በ357 የክርስቲያኑ ንጉሥ የቆስጠንጢኖስ ልጅ ዳግማዊ ቆንስታንቲዮስ ሮምን ሲጎበኝ አስነሣው። ይህ ንጉሥ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ አይደለም፤ በዚያው ሰሞን ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ጳጳሳቸውን ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ የአርዮስን ትምህርት ይደግፍ ወደነበረው የእስክንድርያ ጳጳስ እንዲልኩት የጠየቀ እርሱ ነው፤ ደብዳቤውንም ቅዱስ አትናቴዎስ በጽሑፉ አቆይቶታል። የኢዛና የድንጋይ ጽሑፎች ራሳቸው የዚህን ርእስ ጥያቄ ይዘዋል። በቀደሙት ጽሑፎች ንጉሡ በጠላት የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ ነኝ ይላል፤ ማሕረምም በግሪክኛው የጦር አምላክ በሆነው በአሬስ ስም ይጠራል። ይህ ከቄሣርና ከቬኑስ ዝምድና የማይለይ አነጋገር ነው። በኋለኛው ጽሑፍ ግን ድሉንና መንግሥቱን የሰጠው «እግዚአ ሰማይ» ሲሆን፣ ንጉሡ የእርሱ የሥጋ ልጅነት አይነገርለትም። ተቀባይ እንጂ ወራሽ አይደለም፤ በሁለቱ ጽሑፎች መካከል ያለው ርቀት ከአምላክ ስም መለወጥ ይበልጣል።

በሮም መሠዊያው ክርስትናን ትቶ ወደ ጣዖት አምልኮ በተመለሰው በከሃዲው ንጉሥ በዩልያኖስ ዘመን ወደ ስፍራው ሳይመለስ አልቀረም፤ ንጉሥ ግራትያኖስ ግን በ382 እንደገና አስነሣው። በ384 የሮም ከተማ ገዥ የነበረው ሲማኩስ፣ ገና ብላቴና ለነበረው ለዳግማዊ ቫለንቲኒያኖስ መሠዊያው እንዲመለስ ልመና ጻፈ። ልመናው እስከ ዛሬ ልብ የሚነካ ነው፤ ሽማግሌዎች ከልጅነታቸው ያዩትን ለልጆቻቸው እንዲያወርሱ ይለምናል፣ እጅግ ታላቅ የሆነው ምሥጢር በአንድ መንገድ ብቻ እንደማይደረስበትም ያሳስባል። የሚላኖው ጳጳስ አምብሮስዮስ የመለሰው መልስ ለስላሳ አይደለም፤ ክርስቲያን የሆኑ የሸንጎ አባላት የጣዖት ዕጣን እንዲያሸቱ ሊገደዱ አይገባም፣ ድልም የሚሰጥ ነገር እንጂ ራሱን የቻለ አካል አይደለም፣ የሚገኘውም በሠራዊት ጉልበት ነው አለ። ቅዱስ አውግስጢኖስም በኋላ ስለ እግዚአብሔር ከተማ በጻፈው መጽሐፍ፣ ቪክቶሪያ አምላክ ከሆነች ጁፒተር ለምን ያስፈልጋል ብሎ ይሞግታል።

በዚህ ክርክር ላይ ሚዛናዊ ፍርድ መስጠት ቀላል አይደለም። ሲማኩስ ስለ ምሥጢሩ ብዙ መንገዶች የተናገረው ቃል ክቡር ቢሆንም፣ የተነገረው ግን ለዚያ ቃል በማይገባ መሠዊያ ፊት ነው፤ በ250 ንጉሥ ዴክዮስ ሁሉም እንዲሠዋ አዝዞ ያልሠዋውን ሲቀጣ ያ ቃል በሴኔቱ አልተሰማም። በሌላ በኩል በ391 እና በ392 ንጉሥ ቴዎዶስዮስ የጣዖት አምልኮን በሕግ ሲከለክል፣ ትናንት ስለ ዕጣን መገደድ ያማረሩት ወገኖች ግዳጁን በሌላው ላይ ሲያዞሩ አልተጨነቁም። ክርስትናም ከፈተናው ውጭ አልነበረም፤ በ315 የተመረቀው የቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት በክንፋሞቹ ቪክቶሪያዎች ያጌጠ ሲሆን፣ የክርስቲያን ነገሥታት ገንዘብም ምስሏን ለረጅም ጊዜ ተሸክሟል። ሆኖም አንድ እውነተኛ ልዩነት ታይቷል። በ390 በተሰሎንቄ ከተማ በንጉሡ ትእዛዝ ብዙ ሕዝብ ከታረደ በኋላ፣ ያው አምብሮስዮስ ቴዎዶስዮስ ባለበት ቁርባን እንደማያቀርብ ጽፎ አስታወቀው፤ ድል አድራጊው ንጉሥም የንግሥና ምልክቱን አውልቆ በቤተ ክርስቲያን በሕዝብ ፊት አለቀሰ። በቪክቶሪያ መሠዊያ ፊት እንዲህ ያለ ልቅሶ ሊኖር አይችልም ነበር፤ ገዥውን የሚጠይቀው ካህን ራሱ ገዥው ነበርና።

ከ518 እስከ 527 በነገሠው በዮስጢኖስ ቀዳማዊ ዘመን በወርቅ ገንዘቡ ላይ የነበረችው ቪክቶሪያ ቀርታ፣ በእጁ መስቀል የያዘ ክንፋም መልአክ ተተካ። ዙሪያውን የከበበው ጽሑፍ ግን አልተለወጠም፤ እንደ ቀድሞው «የአውግስጦሶች ድል» ይላል፤ አገናዛቢውም በቦታው ነው። የዚህ ንጉሥ ዘመን ባልደረባ የነበረው የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ በ525 ገደማ ባሕር ተሻግሮ በደቡብ ዓረብ የነበረውን የሂምያርን መንግሥት ድል አደረገ፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚተርከውም ከዘመቻው ሲመለስ ዘውዱን በጌታ መቃብር እንዲሰቀል ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ፣ ራሱ በአክሱም አጠገብ ባለው በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መነኮሰ።